ኮት የለበሰ እንግሊዝኛ

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ በሬን ሲያንኳኳ የባለቤቴን ከል ገና አላወለቅሁም ነበር። «ጋሽ ወርቁ፣ የእንግሊዝኛው፣ አርፈዋል። ቀብር ስምንት ሰዓት ነው» አለኝና ወደሚቀጥለው ግቢ አለፈ። በሰፈራችን ወርቁ የሚባል ሰው ብዙ ስለሆነ እርሳቸውን የምንለያቸው በዚህ ነበር፤ የእንግሊዝኛው።

ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። አንባቢው ጥሩ ድምፅ ነበረው። የተወለዱበትን አገር ጠቀሰ፣ ወደ ሐዋሳ በመምህርነት መምጣታቸውን ጠቀሰ፣ ከዚያም «በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሪፖርት አርታኢነት ሲያገለግሉ ቆይተው፣ ከሥራ በመሰናበታቸው በግል ማስተማራቸውን ቀጥለዋል» ብሎ ገጹን ገለበጠ። አጠገቤ የቆመችው ጎረቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ማን ነው ያሰናበታቸው?» አለችኝ በሹክሹክታ። ልመልስላት ስል ቄሱ ማስተማር ጀመሩ።

መልሱን እዚህ እየጻፍኩት ነው። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እጄም ልቤም ስለከበደኝ፣ በቀን ግማሽ ገጽ ከሞላልኝ እሰየው ነው። ቢሆንም ጊዜ አለኝ።

ጋሽ ወርቁ ለባለቤቴ ልቅሶ መጥተው ነበር። ያኔ እርሳቸውም ከዘራ ይዘው ነው የሚሄዱት። የመጣው ሰው ሁሉ «በባለቤትሽ ሕልፈት»፣ «በደረሰብሽ መሪር ሐዘን» እያለ ይሰናበተኛል። እኔም አንገቴን እየነቀነቅሁ፣ የማላውቀው ሰው የሞተ ይመስል፣ ዓይኔ ደርቆ ተቀምጫለሁ። ጋሽ ወርቁ ፍራሹ ላይ እንደ ምንም ወርደው ከጎኔ ተቀመጡና «እንዴት ሞተ?» አሉኝ። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ደነገጡ። እንዲህ ተብሎ አይጠየቅማ! እኔ ግን ነገርኳቸው። ጠዋት ተነሳ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ደረቴን አመመኝ አለ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ሞተ። ስናገር ነው እንባዬ የመጣው።

«እንዲህ ነው» አሉ እጄን ይዘው። «እንዲህ ብለሽ አልቅሺለት። ሕልፈት፣ ሕልፈት ሲሉሽ ከሰማሽ የሰው ሰው ይመስልሻል።»

ይህን ያሉኝ ዕድሜያቸውን በሙሉ እንዲያ ያለውን ቃል ሲያቃኑና ሲያሳምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ለዚህ ነው የማልረሳቸው።

የተዋወቅነው ኢሕአዴግ አገሩን በያዘባቸው ዓመታት፣ መሃል ከተማ ከሱቆች በላይ ባለ ፎቅ ላይ በነበረ የውሃ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ነው። ገንዘቡ ከውጭ አገር ለጋሾች ስለሚመጣ ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ነው የሚሄደው። የመስክ ሠራተኞች በአማርኛ ጽፈው ያመጣሉ፣ ጋሽ ወርቁ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱታል፣ እኔ እተይባለሁ፣ ኃላፊያችን አቶ መስፍን ይፈርማሉ። እንግሊዝኛው ማኅተም ተመትቶበት ከወጣ በኋላ የአማርኛው ረቂቅ አይቀመጥም። ወረቀት እንደ ልብ ስለማይገኝ ጀርባው ላይ ሌላ ረቂቅ እንጽፍበታለን፤ እሱም ሲያልቅ የሻይ ቤቷ ልጅ ኦቾሎኒ ትጠቀልልበታለች። ይህን አስታውሱልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ አሠራር ነው።

ጋሽ ወርቁ በብስክሌት ይመጣሉ። ሙቀቱ የቱንም ያህል ቢሆን ግራጫ ኮት ይዘው ነው የሚመጡት። ወንበራቸው ላይ ሰቅለውት በሸሚዝ ይሠራሉ፤ አቶ መስፍን ሲጠሯቸው ብቻ ይለብሱታል። እንግሊዝኛንም የሚያስረዱት በዚሁ ኮት ነበር። መጀመሪያ ሰሞን አንድ የመስክ ሰው በራሱ እንግሊዝኛ የጻፈውን እንዳለ ተይቤ ወሰድኩላቸው። መኪናው ስለተበላሸ ዘግይተን ደረስን ይላል። በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ሰረዙት።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«አንቺማ ምን አጠፋሽ። እሱ ነው በሸሚዝ የላከው። እዪ፤ አራይቭ ይላል። መድረስ ሥራ ነው፣ የሚሮጥ፣ የሚያልበው ቃል ነው። አራይቫል በይው፣ ቆሞ የሚታይ ነገር ይሆናል። ዘግይተን ደረስን ማለቱ ቀርቶ የመድረስ መዘግየት ይሆናል። ግሱ ስም ሲሆን ኮት ለበሰ ማለት ነው። ለደብዳቤና ለወሬ በሸሚዝ ይበቃል፤ ለመሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ ግን ኮት ይፈልጋል።»

«የደረሱትስ ሰዎች የት ሄዱ?»

ቀና ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና ሳቁ። «በጓሮ በር ወጡ።»

ከሥራ ሰዓት በኋላ ለሠራተኛው ትምህርት ይሰጡ ነበር። አቶ መስፍን ራሳቸው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ይማሩ ነበር። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ፣ እውነቱን ለመናገር ከሁላችንም ይበልጡ ነበር። ጋሽ ወርቁ ዲሳይድን ዲሲዥን፣ ፌይልን ፌይለር እያደረጉ ሰሌዳውን ሲሞሉ አቶ መስፍን «ጋሽ ወርቁ፣ ይሄማ እኛ ስብሰባ ላይ በአማርኛ የምንለው ነው!» ብለው ክፍሉን አሳቁት። እውነትም ነው። ያኔ ግምገማ ላይ ሰው አርፍዶ አይመጣም፤ «በሰዓት አከባበር ረገድ ክፍተት ይታያል» ነው የሚባለው። ሰው አይሰርቅም፤ «የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌ ተስተውሏል» ነው።

ጋሽ ወርቁ ግን አብረው አልሳቁም። ጠመኔውን አስቀምጠው «አንድ ነገር ልጨምር» አሉ። «ኮቱ ብዙ ነገር ባጭሩ ለመሰብሰብ ይጠቅማል፣ ክብርም አለው። ግን አንባቢው ማን አደረገው ብሎ መጠየቁ የማይቀር ከሆነ ግሱን በሸሚዙ ተዉት። ኮት ስታለብሱት ሰውየውን አብራችሁ እንዳትሸፍኑት።» ሰዓቱ ስለመሸ ደብተር ተከድኖ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ማንም የጻፈው አይመስለኝም።

መኖሪያቸው ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት የሆነ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ግማሽ አካላቸው ከታመመ ዓመታት አልፈዋል፤ ከአልጋ የሚያነሷቸውም፣ የሚያጥቧቸውም፣ የሚያጎርሷቸውም ጋሽ ወርቁ ናቸው። ልጅ የላቸውም። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ አግኝተው አልሄዱም። እትዬ ዘነበች የመኪና መንገድ አይችሉም። ዘመዶቻቸው ሰሜን ናቸው፣ እዚህ የሚጠጉበት ሰው የለም። «የእኔ ሐዋሳ ከቢሮዬ እስከ አልጋዋ ነው» ይሉኝ ነበር። «ሐይቁን እንኳ የማየው ሰው ዓሣ ይዞ ሲያልፍ ነው።» እያማረሩ አልነበረም፤ የቤታቸውን አድራሻ የሚነግሩኝ ያህል ነው።

አሁን ወደ ፓምፑ ልምጣ።

ከከተማው ወጣ ብሎ በአንድ የገጠር ቀበሌ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ፓምፕ ተተክሎ፣ ሊመረቅ ሆነ። ቴክኒሻኑ ውሃው ገና አሸዋ ስላለው ጥቂት ቀን ይጥራ አለ። የውጭ እንግዶቹ ግን መጥተዋል፤ ወጣቶች በዓል በሚከበርበት ሜዳ፣ ጉዱማሌ ላይ፣ እንደሚያደርጉት እየዘፈኑ እየጨፈሩ ይጠብቃሉ። አቶ መስፍን የፓምፑን ኦፕሬተር፣ ሀመሶ የሚባለውን የዚያው አገር ልጅ፣ ጠርተው «አስነሳው» አሉት። ሀመሶ ቴክኒሻኑን አየ፤ ቴክኒሻኑ መሬት መሬት አየ። ሀመሶ አስነሳ። ውሃው ወረደ፣ እልል ተባለ፣ ከዚያ ፓምፑ ጮኸ፣ ጨሰ፣ ቆመ። እንግዶቹ ትርዒቱ ያለቀ መስሏቸው አጨበጨቡ።

ቴክኒሻኑ በአማርኛ እንዲህ ብሎ ጽፎ አመጣ፦ ኃላፊው አስነሳ ብለው አዘዙ፣ ኦፕሬተሩ አስነሳ፣ ፓምፑ አሸዋ ስቦ ተቃጠለ። ጋሽ ወርቁ ይህን በአንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሰበሰቡት። ስተይበው ውበቱ እኔንም ገርሞኛል። ወደ አማርኛ ቃል በቃል ቢመለስ «የፓምፑ ያለጊዜው ሥራ መጀመር ብልሽትን አስከትሏል» ማለት ነው። ያዘዘም የለም፣ ያስነሳም የለም። አቶ መስፍን አንብበው «ይሄ ነው እንግሊዝኛ!» ብለው ፈረሙ። የቴክኒሻኑ ወረቀት ጀርባ ላይ እኔ ራሴ የነዳጅ መጠየቂያ ረቂቅ ጻፍኩበት።

ለጋሾቹ ግን አንብበው ዝም አላሉም። ተጠያቂው ይታወቅ አሉ፤ ጉዳዩ ለፖሊስ ተመራ። ፖሊስ ሰነድ ጠየቀ። ያለው ሰነድ እንግሊዝኛው ነው። ከውጭ ተርጓሚ ተቀጥሮ ወደ አማርኛ መለሰው። የክስ አማርኛ ደግሞ አድራጊ ይፈልጋል፤ ያለ ሰው አይከሰስም። ተርጓሚው ሰውየውን ፈለገ፣ ፓምፕ የሚያስነሳ ማን ነው? ኦፕሬተር ነው። እናም «ኦፕሬተሩ ፓምፑን ያለጊዜው በማስነሳቱ ብልሽት አድርሷል» ብሎ ጻፈ። ማንም አልዋሸም። በአማርኛ የገባው ነገር በእንግሊዝኛ ዞሮ በአማርኛ ሲመለስ አንድ ሰው ጎድሎ፣ ሌላው ብቻውን ቀርቶ ነው የመጣው። ሀመሶ ታሰረ።

ጋሽ ወርቁ የሰሙ ዕለት ምሳ አልበሉም። ሸሚዛቸውን እንደለበሱ፣ ኮታቸውን ረስተው፣ አቶ መስፍን ቢሮ ገቡ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ማስተካከያ እንላክ። ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንዳስነሳ የሚል አንድ መስመር።»

«እንዴት ተብሎ ጋሽ ወርቁ?»

«አቶ መስፍን አዘዘ፣ ሀመሶ አስነሳ። በቃ።»

አቶ መስፍን አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። «ይሄማ የልጅ እንግሊዝኛ ነው። ለለጋሽ በሸሚዝ አይጻፍም ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ? እኔ እኮ የእርስዎ ተማሪ ነኝ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እትዬ ዘነበች እንዴት ናቸው? ቤቱ ተመቻቸው? ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ አሳድስልዎታለሁ» አሉ።

ጋሽ ወርቁ ወጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እስክሪብቶ አንስተው መልሰው አስቀመጡ። ያን ሰሞን እርሳቸውም እንደ ታሰረ ሰው ነበሩ፤ ቢናገሩ ቤቱ ይሄዳል፣ ዝም ቢሉ ሀመሶ ታስሮ ይከርማል። ቢሮ ሲገቡ የአቶ መስፍን በር አለ፤ ቤት ሲገቡ አልጋው አለ። የሀመሶ እናት በየጠዋቱ ከመሥሪያ ቤታችን ደረጃ ሥር ትቀመጣለች፤ አማርኛ አትችልም፣ ሰው ሲያልፍ ቀና ብላ ብቻ ታያለች። ጋሽ ወርቁ ብስክሌታቸውን ይዘው በአጠገቧ ማለፍ ሲያቅታቸው በኋላ በኩል መግባት ጀመሩ።

ግምገማው የተጠራው በዚያ መሃል ነው። ለማያውቅ ልንገር፤ ያኔ ሠራተኛው ሁሉ በአንድ አዳራሽ ይሰበሰባል፣ አንድ ሰብሳቢ ከበላይ ይመጣል፣ እያንዳንዱ ሰው ተነስቶ የሌላውንም የራሱንም ጉድለት ይናገራል። የራስን መናገር ግለ ሂስ ይባላል። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሾፌሩ ተነስቶ «እኔ ላይ የነዳጅ አጠቃቀም ክፍተት ይታያል» አለ። ገንዘብ ያዡ «የትጋት ማነስ አለብኝ» አለ። ተራው ጋሽ ወርቁ ጋ ደረሰ። ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቀሉት።

«ግለ ሂስ አለኝ» አሉ። «አቶ መስፍን ፓምፑን አስነሳ ብለው ሀመሶን አዘዙት። ሀመሶ አስነሳ። ፓምፑ ተቃጠለ። ቴክኒሻኑ ይህንኑ ጽፎ ሰጠኝ። እኔ ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው የአቶ መስፍንን ስም አወጣሁት። ማንም አላዘዘኝም፤ እንግሊዝኛው እንዲያምር ብዬ አወጣሁት። ሀመሶ የታሰረው በእኔ ዓረፍተ ነገር ነው።»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረው «በሪፖርት ዝግጅት ረገድ የጥራት ክፍተት መኖሩ ተገልጿል ብለሽ ያዢ» አሉኝ።

«አስቴር፣ ምን አልኩ?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

ሰው ሲናገር እንዳለ ነው የምይዘው፤ ቀድሞ ተጽፏል። «አቶ መስፍን ፓምፑን አስነሳ ብለው...» ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

«ቃለ ጉባኤ እንዲህ አይጻፍም!» አሉ ሰብሳቢው።

«ጋሽ ወርቁ ደክሟቸዋል፣ የቤት ችግር አለባቸው» አሉ አቶ መስፍን፣ ፈገግ ብለው።

በመጨረሻ የሰብሳቢው ቃል በንጹህ ተገልብጦ ተፈረመበት። ጋሽ ወርቁ ብቻ አልፈርምም አሉ። ስንወጣ ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። «ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

«እኔ ምን እሠራለሁ ጋሼ?»

«ልማድ ክፉ ነው። በመሃል ኮት ማልበስ ከጀመርኩ ጎሸም አድርጊኝ።»

ብስክሌቱን እየገፉ፣ እኔ ከጎናቸው፣ በፀሐይ ሄድን። መርማሪው ወጣት ነው፤ ወንበር ሰጣቸው፣ ብዕር አነሳ። ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው «በሪፖርቱ ዝግጅት ወቅት በተፈጠረ የትርጉም መዛባት ምክንያት» ብለው ጀመሩ። ክርናቸውን ጎሸም አደረግሁ። ቆሙ። ፊታቸው ቀላ፣ ከዚያ በራሳቸው ሳቁ። «ይቅርታ ልጄ፣ ሰርዘው። አወጣሁት። የአለቃዬን ስም እኔ አወጣሁት» አሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገሩ፣ አስነብበው አዳመጡ፣ ፈረሙ። ግቢው ውስጥ ሀመሶ ከሌሎች እስረኞች ጋር ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ጋሽ ወርቁ ሄደው የተናገሩትን ነገሩት። ሀመሶ በሰባራ አማርኛው «አስነሳ አለኝ፣ አስነሳሁ። እኔም ይሄንን ነው ያልኩት። ሌላ ምን አለ?» አለ። ሌላ ምንም አልነበረም።

ሀመሶ ተፈታ፤ ወደ ሥራው ግን አልመለሱትም። አቶ መስፍን ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ከፍ ወዳለ ወንበር ተዛወሩ። ከመሄዳቸው በፊት ግን ጋሽ ወርቁን ከሥራ አባረሩ። የጎረቤቴ ጥያቄ መልስ ይኸው ነው፤ አቶ መስፍን አባረሯቸው። ጋሽ ወርቁ ገበያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራዩ። አልጋው ክፍሉን ስለሞላው የሚያስተምሯቸው ልጆች በር ላይ፣ እርሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ነበር የሚቀመጡት። እትዬ ዘነበች እስኪሞቱም፣ ከሞቱም በኋላ፣ ጋሽ ወርቁ ከዚያች ክፍል አልወጡም።

ሁሉንም ከተናገርኩ አይቀር፣ የቤት ልቀቁ ደብዳቤ የመጣበትን ቀንም ልናገር። ደብዳቤውን እንዳደርስላቸው የተላክሁት እኔ ነበርኩ። ጋሽ ወርቁ በር ላይ ቆመው አነበቡት። «የቤት ርክክብ እንዲከናወን» ይላል። አጥፈው ኪሳቸው ሊከቱት ሲሉ እትዬ ዘነበች ከአልጋቸው ሆነው «ምንድን ነው?» አሉ።

«ከመሥሪያ ቤት ነው።»

«ቤቱን ነው? ማን ነው የሚያስወጣን? ያ መስፍን ነው?»

አዎ ቢሉ ውሸት አይደለም፤ ፊርማው የአቶ መስፍን ነው። ጋሽ ወርቁ አልጋው አጠገብ ሄደው ተንበረከኩ።

«መስፍን ፈረመ። ያስወጣሁሽ ግን እኔ ነኝ ዘነቡ። እንደሚያስወጡን እያወቅሁ ተናገርኩ።»

«ሳታማክረኝ?»

«ሳላማክርሽ።»

እትዬ ዘነበች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ መውጣትም መቆምም አቃተኝ። ከዚያ በደህናው እጃቸው ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብ አድርገው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «እንግዲያው ምን ያንበረክክሃል? ተነስና ቤት ፈልግ» አሉ።

ጋሽ ወርቁ ወጡ። የብስክሌቱ ድምፅ ከግቢው ሲርቅ እትዬ ዘነበች እያለቀሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«አማክሮኝ ቢሆን እምቢ እለው ነበር» አሉኝ። «ያንን ያውቃል።»